ጥሩ የሽቦ ሥራ በምን ይታወቃል? የአሮጌ ቮልስን ጥገና ለሚመዝኑ

አሮጌ መኪናን በገዛ እጅ መጠገን የሚከበር ነገር ነው። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በማግስቱ ነው፦ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ይደበዝዛል፤ ክላክሱ የሚጮኸው መሪው ወደ አንድ ወገን ሲዞር ብቻ ይሆናል፤ ማታ ደህና የቆመች መኪና ጠዋት አልነሳም ትላለች። ባለቤቱም ባትሪ ይገዛል፣ አምፖል ይቀይራል። ከዚያ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ መጨረሻ የተፈታው ምኑ ነው? ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እጅ ባረፈበት ቦታ ይገኛል። የጥሩ ጥገና መለኪያም ያው ነው። አምፖሉ መብራቱ አይበቃም፤ ኮረንቲው ሄዶ የሚመለስበት መንገድ ሁሉ ንጹሕ፣ ጠበቅ ያለና ነገ ሌላ ሰው ሊከተለው የሚችል መሆን አለበት።

በአገራችን አሮጌ መኪና ሲነሣ ቮልስ ቀድማ ትታሰባለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የዚያ ዘመን መኪኖች ዛሬ 50 ዓመት አልፏቸዋል፤ የሽቦዎቻቸው ልባስም አብሮ ደርቋል፣ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። በአዊ ደግሞ ፈተናው ይከብዳል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቷ ረጅም፣ ጠዋቷ ብርድ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ዳንግላ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል እንጂ ዝናቡ አይቀርም። እርጥበት የመዳቡን ጫፍ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ብርድ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፤ ጉም ደካማ መብራትን ያጋልጣል። በበጋ ደህና የመሰለ የጥድፊያ ሥራ ሐምሌ ላይ ይከዳል።

ምዘናውን ከኔጌቲቩ ጀምሩ። ኮረንቲ ከባትሪው በሽቦ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ግን በመኪናዋ ቦዲ ነው። መኪናውን ቀለም አስቀብቶ መብራቶቹን የመለሰ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው፤ ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም። መመለሻ ያጣ ኮረንቲ በሌላ አምፖል በኩል ይዞራል፤ ፍሬቻ ሲበራ የኋላ መብራቱ አብሮ የሚርገበገበው ለዚህ ነው። ጥሩ ሠራተኛ ሽቦው የሚያርፍበትን ቦታ ብረቱ እስኪታይ ይፍቃል፣ ያጠብቃል፣ ከላይ ግራሶ ይቀባል። በቮልስ ላይ ደግሞ ካምቢዮውን ከቦዲው የሚያያይዘውን ጠፍጣፋ የተጎነጎነ መዳብ ፈልጉ። ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡት ጎማ ላይ ስለሆነ፣ የሞተሪኖው ብርቱ ኮረንቲ የሚመለሰው በዚህ ማሰሪያ ነው። ካምቢዮ አውርዶ ሲመልስ ይህን የረሳ ሰው ሥራውን አልጨረሰም፤ ኮረንቲው በፍሪሲዮን ካቦ በኩል መንገድ ይፈልጋል፣ ካቦው ይግላል፣ ሞተሪኖውም እየተጎተተ ይዞራል።

ቀጥሎ መጋጠሚያዎቹን ሳብ አድርጉ። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም፤ ሙጫው በሙቀት ይለቃል፣ እርጥበትም ይገባል። ጥሩ መጋጠሚያ በትክክለኛው መሣሪያ ተጨፍልቆ የተያዘ ወይም ተበይዶ በደንብ የተሸፈነ ነው፤ ሲጎትቱት አይነቃነቅም። ባለ 6 ቮልት ቮልስ ላይ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ከተሠሩት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ለተመሳሳይ ብርሃን ከባለ 12 ቮልቱ እጥፍ ኮረንቲ ስለሚስቡ፣ አንድ መጥፎ መጋጠሚያ ላይ የሚባክነው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

የፊውዝ ሳጥኑ የሠራተኛውን ጠባይ ያሳያል። የቮልስ የድሮ ፊውዝ ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ነጩ 8፣ ቀዩ 16 አምፔር ይችላል። በነጩ ቦታ ቀይ ገብቶ፣ ወይም ከዚያ ብሶ ፊውዙ በሲጋራ ወረቀት ተጠቅልሎ ካያችሁ ሥራው እዚያው ወድቋል። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ደጋግሞ ሲቃጠል ጥሩ ሠራተኛ ትልቁን አያስገባም፤ የተላጠውን ሽቦ ይፈልጋል። ሽቦ ብረት በሚሻገርበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት መኖሩንም እዩ። የኋላ ወንበሩን ደግሞ አንሱ፤ ባትሪው ከሥሩ ነው። የወንበሩ ሞላ ፖዘቲቩን ከነካ እሳት ያስነሳል፤ የባትሪውን ክዳን ሳይረሳ የመለሰ ሰው መኪናዋን ያውቃታል።

የሽቦውን ቀለም ተመልከቱ። ጀርመኖች ባወጡት ሥርዓት ቡናማ ኔጌቲቭ ነው፤ ቀይ ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣ፣ ጥቁር ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት ኮረንቲ የሚያገኝ ነው። የመገጣጠሚያ ቁጥሮቻቸውም በቅደም ተከተል 31፣ 30 እና 15 ናቸው። ገበያ ላይ ትክክለኛው ቀለም ቢጠፋ ጥፋት አይደለም፤ ጫፉ ላይ ቁጥሩን ሳይጽፉ ማለፍ ግን ጥፋት ነው። ሁሉንም በአንድ ቀለም የዘረጋ ሰው ቀጣዩን ጠጋኝ ከዜሮ እንዲጀምር ፈርዶበታል።

ከዓይን በኋላ ቴስተር ይከተላል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ 12.6፣ ሞተር ሲሠራ 14 አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ የፊት መብራቱን አብሩና በባትሪው ኔጌቲቭና በመብራቱ ኔጌቲቭ መካከል ለኩ፤ ከ0.2 ቮልት ካለፈ መመለሻው ታሟል። መብራቱ ሳይበራ መለካት ያታልላል፤ በአንድ ክር የቀረ ሽቦም ያለ ሥራ ሲለካ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል። ልዩነቱ ትንሽ አይምሰላችሁ፤ ቮልቱ 10 በመቶ ሲጎድል የመብራቱ ብርሃን ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል። በእንጅባራ ጉም ውስጥ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። በመጨረሻም ሁሉን አጥፍታችሁ ባትሪውን ፍቱና መልሱ፤ ሰዓትና ሬዲዮ የሌላት ቮልስ ላይ ብልጭታ ካያችሁ ሌሊት ኮረንቲ የሚሰርቅ መስመር አለ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ችላ ያለ ጥገናም አይለፍ። የቮልስ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ የሚዞረው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ነጂውን የምታስጠነቅቀው ያቺ መብራት ናት፤ ካልሠራች ሞተሩ ሳይታወቅ ይቃጠላል። ቁልፍ ሲከፈት መብራቷን፣ ሞተር ሲነሳ መጥፋቷን አረጋግጡ።

ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ የሠራውን ሰው ጠይቁት፤ የሠራችሁት ራሳችሁ ብትሆኑም ራሳችሁን ጠይቁ። ጥፋቱ ምን ነበር? የት ነበር? አሁን መስተካከሉ በምን ታወቀ? ሦስቱን መልሶ ቦታውን በጣቱ ማሳየት የሚችል ሰው ገንዘቡም ምስጋናውም ይገባዋል። «እንጃ፣ ብቻ በራ» የሚል ግን ጥፋቱን አላገኘውም፤ ጥፋቱም አሁንም መኪናዋ ውስጥ አለ።