መቶ ዓመት በአንድ እርሻ

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ በአዮዋ ግዛት፣ «የመቶ ዓመት እርሻ» የሚባል እውቅና አለ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976፣ አገሪቱ 200ኛ የነፃነት ዓመቷን ስታከብር ነው። ከመሬቱ ቢያንስ 40 ኤከር፣ ማለትም 16 ሄክታር ገደማ፣ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ከአንድ ቤተሰብ እጅ ሳይወጣ መቆየት አለበት።

መስፈርቱ ሲነበብ ቀላል ነው፤ ሲኖሩት ግን ሌላ ነው። አያት በፈረስ ያረሱትን ማሳ ልጅ በትራክተር አርሶታል፤ የልጅ ልጅ ደግሞ በቆሎና አኩሪ አተር በኮምባይነር ያጭድበታል። በመሃል የ1930ዎቹ የዋጋ ውድቀትና ድርቅ አለ። የ1980ዎቹም ዕዳ አለ፤ ወለዱ ንሮ፣ የመሬት ዋጋ ወድቆ፣ ስንቱ ጎረቤት ርስቱ በጨረታ ሲሸጥ ቆሞ አይቷል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ሴቶቹን ነው። በክፉው ዘመን የብዙ ቤት አስቤዛ የተሸፈነው እነሱ ከሸጡት እንቁላልና ቅቤ ነበር። ልጅ ያሳደጉት፣ ዶሮ የጠበቁት፣ የወጪ ገቢ መዝገብ የያዙት እነሱ ናቸው። ክብሩ የአባወራው ብቻ ተደርጎ ሲነገር ቅር ይለኛል።

ሽማግሌው ገበሬም ቢሆን ጡረታ በቀላሉ አይዋጥለትም። ሰማንያ ዓመት አልፎትም በመከር ወቅት መሪ ጨብጦ የሚውል አለ፤ ልጆቹም ተው አይሉትም።

እውቅናው በየዓመቱ በኦገስት፣ በዴሞይን ከተማ በሚካሄደው የግዛቱ ትርኢት ላይ ይሰጣል። ከ2006 ጀምሮ 150 ዓመት ለሞላቸው «የቅርስ እርሻ» የሚል ማዕረግ ተጨምሯል።