ስለ ለገሃር መገናኛ ጣቢያ በሐይቅ ሰው ሚዛን

ስለ አንድ ሥራ ሒስ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ በምን ሚዛን እንደሚመዝን መናገር ይገባዋል። እኛ ያደግነው በሐይቅ ከተማ ነው። በልጅነታችን ሐዲድ አላየንም፤ መገናኛ ምን እንደ ሆነ ግን እናውቃለን። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው ዋና መንገድና ወደ ቢስቲማ አልፎም ወደ ጭፍራ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት በከተማችን ነው። በገበያ ቀን ከአምባሰል ተራራ እህል ጭኖ የወረደው ገበሬ፥ ከቆላ ከብት ነድቶ የወጣው፥ ከደሴ ጨርቅና ሳሙና ይዞ የመጣው ነጋዴ ሁሉ እዚያው ይራገፋል። ከአንዱ መኪና የወረደ ሰው ሌላው እስኪመጣ ድረስ ሻይ ያገኛል፥ የሚሸምት ያገኛል፥ ብዙ ጊዜም ዘመድ ያገኛል። ጓዙን ተሸክሞ የሚሄደውም ጥቂት ርምጃ ነው። ይህን ሁሉ አንድ መሐንዲስ ተቀምጦ አላቀደውም፤ የገበያተኛው እግር በብዙ ዘመን ያበጀው ነው።

እንግዲህ ሚዛናችን ይህ ነው። የመገናኛ ጣቢያ ጥቅም ሊለካ የሚገባው መንገደኛው ከአንዱ መጓጓዣ ወርዶ በሌላው እስኪሳፈር ድረስ በሚያገኘው ድካም ወይም ዕረፍት ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ሚዛን የምንመዝነውም በአዲስ አበባ ከተማ ቀላል ባቡር ላይ የሚገኘውን የለገሃርን ጣቢያና አካባቢውን ነው።

እንደሚታወቀው የከተማው ባቡር በሁለት መሥመሮች ተሠራ። ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋው የሰሜን ደቡብ መሥመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ. ም. ሥራ ጀመረ፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው የምሥራቅ ምዕራብ መሥመር ደግሞ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ ተከተለው። የሁለቱ ርዝመት በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 39 ጣቢያዎች ተሠሩላቸው። ሁለቱ መሥመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሐዲድ ላይ አብረው ይጓዛሉ። በዚህ የጋራ መንገድ ላይ ያሉት ጣቢያዎች አምስት ናቸው፤ እነርሱም ስታዲየም፥ ለገሃር፥ ሜክሲኮ፥ ተግባረ እድና ልደታ ናቸው።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ከሐይቅ የተነሣ መንገደኛ ላምበረት መናኸሪያ ይወርዳል እንበል። ከዚያ በታክሲ መገናኛ ወደሚባለው ሰፈር ሄዶ በባቡር ወደ ምዕራብ ይጓዛል። በመንገዱ እስጢፋኖስ የሚባል ጣቢያ ስላለ፥ ስሙም የገዳማችን ስም ስለ ሆነ፥ የሐይቅ ሰው ይህን ሲሰማ ቀና ሳይል አያልፍም። ከዚያ ቀጥሎ ስታዲየም፥ ቀጥሎም ለገሃር ነው። ይህ ሰው የሚሄደው ወደ አትክልት ተራ ከሆነ ከአምስቱ ጣቢያዎች በወደደው ወርዶ፥ በዚያው መሳፈሪያ ቆሞ የሰሜኑን ባቡር ይጠብቃል። አስፋልት መሻገር፥ ጓዙን አንሥቶ መሮጥ አያስፈልገውም። ባቡር የሚለውጠው ሕዝብም በአንድ ቦታ እንዳይጨናነቅ በአምስት ቦታ ይከፈላል። ይህ በእውነት የታሰበበት ሥራ ነው፤ በዚህ ረገድ ጣቢያው የሐይቅን መገናኛ ይመስላል።

ሆኖም ያው መንገደኛ ወደ ሳሪስ ወይም ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። በስታዲየም ወርዶ ወደ መጣበት አቅጣጫ ወደሚመለሰው ሐዲድ መሻገር አለበት። የጋራው መንገድ የተሠራው ከመሬት ከፍ ብሎ ስለ ሆነ መውጣትና መውረድ የግድ ነው። ደረጃ ለወጣት እግር ቀላል ነው፤ ልጅ ላዘለችና ዘንቢል ለያዘች እናት ግን አንድ ተጨማሪ ጉዞ ይሆንባታል። ከዚህም ሌላ በአንድ ሐዲድ የሚጓዙ ሁለት መሥመሮች አንዱ ሲዘገይ ሌላውን ማዘግየታቸው የማይቀር ነው። ሥራው በ41 ባቡሮች ተጀምሮ ሳለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ ዕጦት ከግማሽ የሚበልጡት መቆማቸው መታወሱ አይቀርም። ባቡር ሲቀንስ መጠበቅ ይረዝማል፤ መጠበቅ ሲረዝም ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቀው ሁለት ጊዜ የሚጠብቀው፥ ማለት መሥመር የሚለውጠው ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ግን ሊታረም የሚችል ጉድለት ነው። ከባዱ ነቀፋችን ከጣቢያው አጠገብ ባለው ነገር ላይ ነው። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ማለት እንደ ሆነ አንባብያን ያውቃሉ። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ. ም. ነው። ከዚያ በኋላ በተሠራው የጣቢያ ሕንፃና በፊቱ በቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ዙሪያ ሆቴሉ፥ ሱቁ፥ ተሸካሚውና ሊስትሮው ተሰብስበው አንድ ሰፈር ሆኑ። ዛሬ የከተማው ባቡር በዚህ ሰፈር ይቆማል፤ የአገሩ ባቡር ግን ወደዚያ አይመጣም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ. ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጂቡቲ መሥመር የመንገደኛ ጣቢያው የተሠራው ከከተማው ዳር በፉሪ ለቡ ነው፤ የከተማው ባቡርም ወደ ለቡ አልተዘረጋም። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል እንደሚባለው፥ በደጃችን የነበረውን ጣቢያ ትተን በሩቅ ሌላ ጣቢያ ሠራን።

ለዚህ መልስ የሚሰጡ እንዳሉ አንዘነጋም። አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ሲሆን አዲሱ 1.435 ሜትር ስለ ሆነ በአሮጌው ላይ መሄድ አይቻልም ነበር። አዲስ ሐዲድ እስከ መካከለኛው ከተማ ለማስገባትም ብዙ ቤት ማፍረስ ያስፈልግ ነበር። ይህ እውነት ነው። የከተማው ባቡርና የጂቡቲው ባቡር የሐዲዳቸው ስፋት አንድ ቢሆንም የሚሄዱበት የኤሌክትሪክ ኃይል የተለያየ ነውና አንዱ በሌላው መንገድ ሊገባ አይችልም። እኛ ግን የምንጠይቀው ባቡሮቹ እንዲገናኙ አይደለም፤ ሰዎቹ እንዲገናኙ ነው። የከተማውን መሥመር ወደ ለቡ ማስረዘም ወይም ቢያንስ የማይቋረጥ አውቶቡስ መመደብ ከዕቅዱ ጋር አብሮ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነበር።

በኅዳር 2011 ዓ. ም. በለገሃር 36 ሄክታር መሬት ላይ አዲስ ሰፈር ለመሥራት የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ አሮጌው የጣቢያ ሕንፃም በቅርስነት እንደሚጠበቅ ተነገረ። ሕንፃው መጠበቁ ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን በጣቢያው ዙሪያ ይኖር የነበረው ሰውና ሥራው ከሌለ፥ የሚቀረው ሕንፃ የጣቢያ መታሰቢያ እንጂ ጣቢያ አይሆንም።

አንባቢ፥ ይህ ሁሉ የሐይቅንና የአምባሰልን ልጆች ምን አገባቸው ይል ይሆናል። የሚያገባን ስላለ ነው የጻፍነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው፥ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መሥመር ሥራው በ2007 ዓ. ም. ተጀምሯል። በጥቅምት 2014 ዓ. ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የመሥመሩ ንብረትም ከጉዳት አልዳነም። ሐራ ገበያ ይህ መሥመርና ወደ መቀሌ የሚወጣው መሥመር እንዲገናኙበት የታሰበ ቦታ ስለ ሆነ ወሎ የራሱ መገናኛ ጣቢያ ይኖረዋል ማለት ነው። በየከተማው አጠገብ የሚሠሩት ጣቢያዎች እንደ ለቡ ከሰው ርቀው ከቆሙ፥ ከአምባሰል የወረደ ገበሬ የእህሉን ዋጋ ከፊሉን ከገበያ እስከ ባቡር ለሚያደርሰው ጋሪና ባጃጅ ይከፍላል፤ ባቡሩም በደጁ እያለፈ ለእርሱ ሩቅ ይሆናል።

ስለዚህ የምሕንድስና ትምህርት ለሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በአገራችን አንድ ጣቢያ የሚቆምበት ቦታ ከመወሰኑ በፊት፥ በገበያ ቀን ከመናኸሪያውና ከገበያው ተነሥታችሁ እስከ ታሰበው ቦታ ድረስ ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ ተሸክማችሁ ሂዱ። በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንዳረፋችሁ ጻፉ፤ ያንንም ወረቀት ከፕላኑ ጋር አያይዛችሁ አቅርቡ።