ፔዳ፣ ቅኔ ቤት እና «ትክክለኛውን መልስ ምረጥ»፦ የሒሳብ ዲግሪያችን ምን እየለካ ነው?

ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ አስቁማችሁ «ፔዳ» ብትሉ ሹፌሩ ሌላ ማብራሪያ አይጠይቃችሁም። ስሙ ግን ከየት መጣ? «ፔዳጎጂ» ከሚለው ቃል ተቆርጦ የቀረ ነው፤ የማስተማር ጥበብ ማለት ነው። ግቢው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮ እና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት፣ የፔዳጎጂ አካዳሚ ተብሎ ነው። በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ከ«ፖሊ» ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተወለደ። ስለዚህ ፔዳ ከስሙ ጀምሮ የመምህር ቤት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የዛሬው ጉዳዬ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሚታይ ነው። ማቲማቲክስ ተምሮ ዲግሪ የሚይዝ ተማሪ አራት ዓመት ይለፋል። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ሪል አናሊሲስ፣ አብስትራክት አልጀብራ እያለ ይቀጥላል። በመጨረሻም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ እንደማንኛውም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ለማለፍ ግማሹን ማግኘት ይበቃል።

መጀመሪያ ለፈተናው ፍርድ እንስጠው። አንዱ ግቢ ለጋስ፣ ሌላው ቆንቋና ሆኖ ውጤት ሲሰጥ ተመራቂዎችን በአንድ ሚዛን ማየት ያስፈልጋል። ለሁሉም እኩል የሆነ መለኪያ መኖሩ ጥሩ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ወረቀት በእጅ ማረም ደግሞ ቀልድ አይደለም። እኔ የምነቅፈው የፈተናውን መኖር አይደለም። የምነቅፈው ሒሳብን በምርጫ ብቻ ለክተን «ሒሳብ ያውቃል» ብለን መፈረማችንን ነው።

ለምን? እስቲ ወደ ጣና እንውረድ።

አንዲት ጀልባ ጠዋት 1 ሰዓት ከባሕር ዳር ተነስታ ከቀኑ 11 ሰዓት ጎርጎራ ደረሰች እንበል። መንገድ ላይ ደሴቶች ጋ ቆማለች፣ ማዕበል አዘግይቷታል፣ አንዳንዴም ፈጥናለች። አዳሯን ጎርጎራ አድርጋ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሳች፤ በዚያው መስመር ተመልሳ 11 ሰዓት ባሕር ዳር ገባች። ጥያቄው ይኸውና፦ በሁለቱም ቀን ልክ በተመሳሳይ ሰዓት ያለፈችበት ቦታ የግድ አለ?

ከማንበባችሁ በፊት ትንሽ አስቡ።

ብዙ ሰው «ፍጥነቷ ካልታወቀ እንዴት ይታወቃል?» ይላል። ግን ሁለቱን ቀናት በአንድ ላይ ደርቧቸው። አንዷ ጀልባ ከባሕር ዳር፣ ሌላዋ ከጎርጎራ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መስመር ተነሱ። ሳይገናኙ ይተላለፋሉ? አይቻልም። የሚገናኙበት ቦታ መልሳችን ነው። አለቀ።

ይህንኑ በሒሳብ ቋንቋ እንበለው። በመጀመሪያው ቀን ጀልባዋ ከባሕር ዳር ካላት ርቀት ላይ በሁለተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ያላትን ርቀት ቀንሱ። ጠዋት ላይ ልዩነቱ ከዜሮ በታች ነው፤ ማታ ደግሞ ከዜሮ በላይ ነው። ጀልባ ደግሞ ከአንድ ቦታ ጠፍታ ሌላ ቦታ ብቅ አትልም፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሳይዘል፣ ሳይቆራረጥ ይለወጣል። እንግዲያው መሀል ላይ አንድ ቦታ ዜሮን ማለፍ አለበት። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ «ኢንተርሚዲየት ቫልዩ ቲዎረም» እያለ የሚሸመድደው ነገር ይኸው ነው።

አሁን ፈተና አውጡበት። በምርጫ ቢመጣ «ከሚከተሉት የትኛው ቲዎረም ነው?» ይሆናል። የቲዎረሙን ስም የሸመደደ ያገኘዋል፤ ነገሩ ገብቶት ስሙ የጠፋበት ይወድቃል። ለእኔ ግን ቁም ነገር የሚሆኑት ቀጥለው የሚመጡት ጥያቄዎች ናቸው። በማግስቱ ጀልባዋ 3 ሰዓት ላይ ብትነሳስ? (አሁንም ይሠራል፤ ለምን እንደሆነ አሳዩ።) ማታ 12 ሰዓት ላይ ብትነሳስ? (ያኔ አይሠራም።) የቱ ቅድመ ሁኔታ ቢነሳ ነው ነገሩ የሚፈርሰው? ሒሳብ ማወቅ ማለት ለእነዚህ መልስ መስጠት፣ መልሱንም ለሚጠራጠር ሰው ማስረዳት ነው። ይህን ከአራት ፊደላት አንዱን በማጥቆር መለካት አይቻልም።

የምርጫ ፈተና ከዚህ የባሰ ልማድም ያስተምራል። ተማሪ ሁሉ ዘዴውን ያውቀዋል፦ ቁጥር ተካ፣ ያልሠራውን ሰርዝ፣ የቀረውን ምረጥ። ለፈተና አሪፍ ነው። ለሒሳብ ግን አደገኛ ነው። አንድ ቁጥር ውሰዱ፤ በራሱ አባዙት፣ ራሱን ቁጥሩን ደምሩበት፣ 41 ጨምሩበት። በ0 ብትጀምሩ 41 ይሰጣል፤ በ1 ብትሞክሩ 43፣ በ2 ደግሞ 47። ሁሉም ፕራይም ናቸው። እስከ 39 ድረስ ብትሄዱ 40 ጊዜ በተከታታይ ፕራይም ታገኛላችሁ። አርባ ሙከራ ያየ ሰው «ሁልጊዜ ነው» ብሎ ቢምል ማን ይፈርድበታል? በ40 ሞክሩት፦ 1681 ይመጣል፤ እሱ ደግሞ 41 በ41 ሲባዛ ነው። ፈረሰ! ሒሳብ ማረጋገጫ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ቁጥር እየተካ የሚያልፍ ተማሪ ግን የሚፈርስበት ቦታ ሳይደርስ ተመርቆ ይወጣል።

«ይህ የሠለጠነው ዓለም ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። እንግሊዞችም ከዚሁ ጋር ታግለዋል። ካምብሪጅ ትራይፖስ የሚባል ዝነኛ የሒሳብ ፈተና ነበረው። ተማሪው ለፈተናው ብቻ የሚያሠለጥን አስጠኚ ይይዛል፣ ጥያቄዎቹን በፍጥነት መሥራት ይለማመዳል፣ በደረጃ ተሰልፎ ይወጣል። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ጎድፍሬይ ሃርዲ ይህን አጥብቆ ነቀፈ፤ ፈተናው እውነተኛውን ሒሳብ ይጎዳል ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1908 ማረጋገጫን በጥንቃቄ የሚያስተምር የጀማሪዎች መጽሐፍ አሳተመ። ተመራቂን በደረጃ ማሰለፉም ከ1909 በኋላ ቀረ።

ግን እስከ ካምብሪጅ ምን አስኬደን? እዚሁ ጎጃም ቅኔ ቤት አለ። ዋሸራን፣ ጎንጅን አስቡ። ቅኔ ቤት ሽምደዳ የለም ብዬ አልዋሽም፤ ተማሪው ግሡን፣ አገባቡን በቃሉ ይይዛል። ይህ ግን መንደርደሪያ ነው። ከዚያ ባለሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ራሱ ይቆጥራል። ብቻውን ተቀምጦ ያወጣል ያወርዳል፣ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ ስሕተቱ ይታረምለታል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ቢመጣ ቅኔ ቆጠረ አይባልም። እስቲ አንድ የቅኔ መምህር «ከአራቱ ቅኔዎች ትክክለኛውን ምረጥ» ብለው ሲያስመርቁ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ያስቃል አይደል? ታዲያ ሒሳብ ላይ ስናደርገው ለምን አያስቀንም?

የሒሳብ ማረጋገጫም እንደ ቅኔ ነው። ሕጉን ሌሎች ሠርተውታል፤ መንገዱን የምትፈልጉት ግን ራሳችሁ ናችሁ።

ምን ይደረግ? የመውጫ ፈተናው ይቀጥል፤ ብቻውን ግን አይፍረድ። ከመመረቁ በፊት እያንዳንዱ የሒሳብ ተማሪ ሁለት ወይም ሦስት ማረጋገጫ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ በቃል ያስረዳ፣ «ለምን?» ይባል፣ ይመልስ። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ካለበት በየሳምንቱ አንድ ተማሪ አንድ ማረጋገጫ ያቅርብ፣ ጓደኞቹ ይተቹት። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። ጠመኔ እና ትዕግሥት ይበቃል። አዎ፣ የመምህሩን ጊዜ ይበላል። የመምህር ጊዜ ለዚህ ካልዋለ ግን ለምን ሊውል ነው?

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ። በሒሳብ ከሚመረቁት ብዙዎቹ የሚሄዱት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን ታወጣለች። «መምህር፣ ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል?» ትላለች። አራት ዓመት ሙሉ ምርጫ ሲያጠቁር የኖረ መምህር ያለው መልስ አንድ ነው፦ «ሕጉ ነው፣ ዝም ብለሽ ያዢው።» ልጅቷ ትይዘዋለች። ከዚያ ወይ ሒሳብ ትጠላለች፣ ወይ ጎበዝ ሸምዳጅ ሆና ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ዙሩም እንደገና ይጀምራል። የፈተና ውጤት ዝቅ ባለ ቁጥር የምንጮኸው እዚህ ዙር ውስጥ ቆመን ነው።

እናንተ ግን ሥርዓቱ እስኪታረም መጠበቅ የለባችሁም። ማትስ ደርሷችሁ «አልመረጥኩትም» ብላችሁ የተከፋችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሃንድአውቱን ዝጉትና አንድ ቲዎረም ምረጡ። ባዶ ወረቀት ላይ ለምን እውነት እንደሆነ ለጓደኛችሁ አስረዱ። ጓደኛችሁ «አልገባኝም» ካለ እናንተም ገና አልገባችሁም ማለት ነው፤ ድገሙት። የልጅቷ ጥያቄ ደግሞ የቤት ሥራችሁ ይሁን። ፍንጭ ልስጣችሁ፦ 1 እና ኔጋቲቭ 1 ሲደመሩ ዜሮ ናቸው። ዜሮን በኔጋቲቭ 1 አባዙና ቅንፉን ፍቱት።