በረንዳችንን ማን ዘጋው?

ባለፈው ክረምት እናቴ በገዛ በረንዳዋ ላይ ወደቀች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ማለዳ ወጣ ብላ ልትቀመጥ ስትል የበሰበሰ ጣውላ ከእግሯ ሥር ከዳትና ግራ እጇ ተሰበረ። በጄሶ ታስሮላት ከሐኪም ቤት ስንመለስ እኔ ስለ አጥንቷ ሳስብ እሷ ስለ በረንዳው ታስብ ኖሯል። «አሁን እንግዲህ በሩን ልትቆልፉብኝ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ልቆልፍባት እያሰብኩ ነበር።

ቤቱ ጉለሌ ነው። አያቴ ከጣሊያን ወረራ በፊት የሠሩት፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ፊቱ ላይ በስድስት የጽድ ምሰሶ የቆመ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት። በቅርስነት አልተመዘገበም፤ ፎቶ ሊያነሳው የመጣ ቱሪስትም የለም። አባቴ እዚያ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ያነብ ነበር፤ እኔም ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ግን፣ ዕዳዬን ልናገርና፣ በረንዳውን መተላለፊያ አድርጌው ነው የኖርኩት። ጫማ ማውለቂያ፣ ባዶ ጄሪካን ማስቀመጫ፣ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ።

አደጋው በተፈጠረ በሳምንቱ ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደወለች። «ጋሼ፣ ምን ታስባለህ? በመስታወት ይዘጋ፣ ሴራሚክ ይነጠፍ፣ ኮርኒሱም ጂፕሰም ይሁን። ብርድም አይመታት፣ ሌባም አይገባ። ገንዘቡን እኔ እልካለሁ።» እሷ ያለችውን የሚሠራ ሰው ጠራሁ። ሜትሩን ዘርግቶ ለካና አራት መቶ ሃያ ሺህ ብር ጠየቀ። እኔ በእጄ ያለኝ ሰባ ሺህ ብር ነበር። እህቴ ሁለት ሥራ እየሠራች የምታገኘውን ገንዘብ መስታወት ላይ ለማፍሰስ አንጀቴ እምቢ አለ።

ነገሩ ግን የገንዘብ ብቻ አልነበረም። በመስታወት የተዘጋ በረንዳ በረንዳ አይደለም፤ አንድ ተጨማሪ ሳሎን ነው። ሳሎን ደግሞ አለን፤ እናቴ ከሳሎን ነው መውጣት የፈለገችው።

ለረጅም ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «መቼት» በሚባል ነገር አሰለቻቸው ነበር። ታሪኩ የት ተፈጸመ? ቦታው ሰውየውን ምን አደረገው? እያልኩ። የገዛ ቤቴን መቼት ግን አንድ ቀን እንኳ አንብቤው አላውቅም። አሁን ሳነበው በረንዳ ማለት ከቤት ሳይወጡ ሰፈር የሚገኙበት ቦታ ነው። ሳሎን የሚገባ ሰው ይጋበዛል፣ ይደገስለታል፣ ወንበር ይሳብለታል። በረንዳ ላይ ግን «ደህና አደራችሁ?» ብሎ የሚያልፍም እንግዳ ነው። ሥራ አያስፈታም፣ ወጪ አያስወጣም፣ ሰው ግን ያስታውሳል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለው ተረት የሚሠራው እኮ ጎረቤት የሚታይበት ቦታ ሲኖር ነው።

ቃሉን ራሱን ተመልከቱት። ከባሕር ማዶ የመጣ ቃል ነው፤ እኛ ግን የራሳችን አድርገን ሦስት ሥራ ሰጥተነዋል። አንደኛው የቤት በረንዳ ነው። ሁለተኛው ገበያ ነው፤ እህል በረንዳ፣ በርበሬ በረንዳ እንላለን። ሦስተኛው ቤት የሌለው ወገናችን ነው፤ በረንዳ አዳሪ እንለዋለን። ባለቤቱ ይቀመጥበታል፣ ነጋዴው ይሸጥበታል፣ ምንም የሌለው ያድርበታል። ይህን ሁሉ ሰው የሚሸከም የቤት ክፍል ሌላ አላውቅም።

አሮጌዎቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ለጌጥ ብቻ አልነበረም በረንዳ ያወጡት። በምኒልክ ዘመን ከመጡት የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ጋር ይህ የእንጨት በረንዳ እንደ ፋሽን ገባ፤ ያለው በፎቅ፣ የሌለው በምድር ቤት ሠራ። የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ቆርቆሮ ማጓጓዝ ቀለለ። በረንዳው የቤቱ ጃንጥላ ነው። ጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ዝናብ ነው፤ ወጣ ያለው ጣራ ዶፉን ከግድግዳው ያርቅለታል። በረንዳውን ያፈረሰ ሰው ከጥቂት ክረምት በኋላ ግድግዳውን ይጠግናል። በመስታወት የዘጋው ደግሞ የፊት ክፍሎቹን ብርሃንና አየር ይነጥቃቸዋል፤ ቀን አምፖል ማብራት ይጀምራል።

ታዲያ በረንዳችንን ማን ዘጋው? መልሱ አንድ አይደለም።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ብዙ ባለ በረንዳ ቤቶች ቀበሌ እጅ ገቡ። አዋጁ ለብዙ ድሃ ጣራ ሰጥቷል፤ ይህን የሚክድ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ግን ኪራዩ ለዘመናት ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ በዚያ ኪራይ ቆርቆሮ መለወጥም አይቻልም። ተከራዩም የእሱ ባልሆነ ቤት ላይ ጥሪቱን አያፈስም። ልጅ ሲወለድ፣ ልጅ ሲያገባ፣ ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ በረንዳው በላሜራና በማዳበሪያ ጆንያ ተከለለ፤ አንዱ ጋ ኩሽና፣ ሌላው ጋ መኝታ፣ መንገድ ዳር ላይ ደግሞ ሱቅ ሆነ። በዚህ ማንን ትወቅሳላችሁ? የተጨናነቀ ሰው በረንዳ አያምረውም፤ ክፍል ነው የሚያምረው።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። እዚህ ላይ ጣቴን ሩቅ አልቀስርም። በ1998 ዓ.ም. ከበረንዳችን ላይ አንድ ብስክሌትና የተሰጣ ልብስ ተሰረቀ። በሁለተኛው ሳምንት እኔው ራሴ ብሎኬት አስጭኜ አጥሩን ከሰው ቁመት በላይ አስነሳሁት፤ ላሜራ በር አስገጠምኩ። ሠራተኞቹን ቆሜ ያሠራሁት እኔ፣ «አሁን እንቅልፍ ይወስደናል» ያልኩትም እኔ። እናቴ ያን ቀን ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህ ግን በረንዳዋ ላይ ስትቀመጥ የምታየው ግራጫ ግድግዳ ነው። ብስክሌቱን ለማትረፍ መንገዱን ወሰድኩባት። ጎረቤቶቼም ሁሉ እንዲሁ አደረጉ፤ ዛሬ ሰፈራችን ጀርባውን ለመንገዱ የሰጠ ሰፈር ነው። «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» ይባል ነበር። እኛ ተገላቢጦሽ ሆነናል፤ ቤታችን አልጋ፣ ፊታችን ሽቦና የጠርሙስ ስባሪ።

ሦስተኛዎቹ እኛ ነን፤ የአሮጌ ቤት ወዳጆች። ወገኖቼን ስለማውቃቸው በድፍረት እናገራለሁ። ጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ አለቀስን። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ፎቶ አነሳን፣ ትዝታ ጻፍን። ለቅሶው እውነተኛ ነው። ግን ከመካከላችን አንድ የሰው በረንዳ ላይ አንድ ጣውላ ያስቀየረ ስንት ነው? ውበቱን ለእኛ፣ የሚያፈሰውን ጣራ ለነዋሪው ትተን የቆየን ሰዎች ነን። እኔ የእናቴ ክንድ እስኪሰበር ነው የጠበቅኩት።

ወደ ሥራው ልግባ። ሰፈራችን አንድ በዕድሜ የገፉ አናጢ አሉ። መጥተው በረንዳውን በመዶሻ እንደ ሐኪም እያንኳኩ ዞሩና፣ «መምህር፣ እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ የገደላችሁት እናንተ ናችሁ» አሉኝ። አያቴ ምሰሶዎቹን ያቆሟቸው በጥርብ ድንጋይ ላይ ነው። ከዓመታት በኋላ አንዱ ብልህ፣ ማን እንደሆነ አልተናገርኩም፣ «ይጠንክር» ብሎ ሥራቸውን በሲሚንቶ ለበጠው። ሲሚንቶው ውኃ ያዘ፤ እንጨቱ መተንፈሻ አጥቶ ከታች በሰበሰ። ከላይ ደግሞ አሸንዳው ተቀዶ ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ሲያፈስ ኖሯል። እናቴ የወደቀችው በትክክል ከዚያ ቀዳዳ ሥር ነው። የአንድ ሜትር አሸንዳ ነገር ነበር።

ስለዚህ ከቀለም አልጀመርንም። መጀመሪያ አሸንዳውና የተበሳው ቆርቆሮ ተቀየረ። ቀጥሎ ሲሚንቶው በመሮ ተፈልፍሎ ወጣ። ከስድስቱ ምሰሶዎች አራቱ እንዳሉ ቆሙ፤ የሁለቱ የበሰበሰ ጫፍ ተቆርጦ በጠንካራ እንጨት ተቀጠለ። የማይታዩት የወለል ተሸካሚዎች የተቃጠለ ዘይት ተቀቡ።

የወለሉን ጣውላ የት እንደምናገኝ ሲቸግረኝ አናጢው ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት የሚሸጥበት ቦታ ወሰዱኝ። አንባቢዬ፣ እዚያ ቦታ ስቆም የተሰማኝን በደንብ መናገር አልችልም። በር በበር ላይ፣ መስኮት በመስኮት ላይ ተከምሯል። ደረጃ ብቻውን ቆሟል፤ የትም አያደርስም። ጥሩ የድሮ ጣውላ በአዲስ የባሕር ዛፍ ጣውላ ዋጋ አገኘሁና ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ደግሞ አሳፈረኝ። እኔ የእናቴን በረንዳ በርካሽ ልጠግን የቻልኩት የሌላ ሰው እናት በረንዳ ስለፈረሰ ነው። ሻጩን የማን ቤት እንደነበር ጠየቅሁት፤ «ከፒያሳ ነው» ከማለት ሌላ አያውቅም። ቤት ደርሰን ጣውላውን ስንለይ አንዱ ላይ የቤት ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ እንደ ተመታ ነበር። አናጢው ጉጠታቸውን አንስተው «ልንቀለው?» አሉኝ። አሁን እናቴ በምትቀመጥበት አግዳሚ ሥር፣ እንደ ነበረ አለ። ያን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ባልፎ አልፎ መጥቶ ቢያየው ቡና እናፈላለታለን።

ዕቃውን ስናሟላ ብዙ አልደከምንም። ከተረፈው ጣውላ አግዳሚ ወንበር ተሠራ። ጓዳ የተጣሉትን ሁለት የጠፍር ወንበሮች ጠፍራቸው ስላለቀ በናይለን ገመድ አስጠለፍናቸው። እናቴ ጤና አዳሟን የተከለችበት የኒዶ ቆርቆሮ ቦታው ተመለሰ። የሰሌን ምንጣፍ ገዛን። በቃ።

ሒሳቡን የምትፈልጉ ትኖራላችሁ። ጣውላ 24,000 ብር፤ አናጢና ረዳት ለ11 ቀን 19,800፤ አሸንዳና ቆርቆሮ 9,500፤ ቀለም፣ ብርጭቆ ወረቀትና ሚስማር 8,700፤ የወንበሮቹና የምንጣፉ 3,500። ድምሩ 65,500 ብር። ከሰባ ሺሁ 4,500 ተርፎኝ ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር።

እናቴ ወጥታ አዲሱ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ዙሪያዋን አየች፣ ጣውላውን በእግሯ ነካ ነካ አደረገች፣ መረቀችን። ከዚያ ዝም ብላ አጥሩን ታይ ጀመር። ልክ እንደ በፊቱ። ያን ጊዜ ነው ሥራዬ መጽሐፍ ጠርዞ መክደኛውን እንደ ማሸግ ያለ መሆኑ የገባኝ።

ከአጥሩ ፊት ሦስት ረድፍ ብሎኬት አስወርጄ በምትኩ የብረት ፍርግርግ አስገጠምኩ። 17,000 ብር። ሰባ ሺሁ አለቀ፤ 12,500 ብር ጎደለ። የጎደለውን እህቴ ላከች። «ሌባስ?» አለችኝ። ሌባ ሊመጣ ይችላል። በፊትም ብሎኬቱን ዘሎ መጥቶ ያውቃል። ልዩነቱ አሁን መንገደኛው ሁሉ ግቢያችንን ያያል፤ እናቴም መንገደኛውን ታያለች። ጥበቃ ማለት ይህም ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ በሌላ ጊዜ በዚሁ ገጽ እነግራችኋለሁ።

ይህን ስጽፍ መድኃኔ ዓለም ወፍሮ አይደለም፣ አንድ በረንዳ ከተማ አያድንም። ሰው በተጨናነቀበት ቤት ላይ «በረንዳህን ክፈት» የሚል ስብከትም የለኝም። ግን እንደ እኔ ቦታው እያለው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ ገንዘቡ ራሱን ያጠረ ብዙ ሰው አለ። ከዚያ ደግሞ «ሰው ድሮ ቀረ» ብለን እናማርራለን። ሰው የትም አልሄደም። ከአጥራችን ውጭ ነው ያለው።

ባለፈው እሁድ እህቴ እናቴን በቪዲዮ ስልክ ልታያት ደወለች። በረንዳው ላይ ሆና ተቀበለቻት፤ እጇም ድኗል። ሁለት ደቂቃ ሳያወሩ በፍርግርጉ በኩል አንዲት ቅጠል የተሸከመች ሴት ብቅ አለች። «ደህና ዋሉ እማማ!» እናቴ ስልኩን እኔ ጭን ላይ ጣለችው። «ቆይ፣ ሰላምታ ልመልስ» አለች። እህቴ ከሜሪላንድ ሃያ ደቂቃ ጣራችንን ስታይ ቆየች።