ስለ ሴቶች የደም ሥር ጤንነት በደቡብ ኦሞ፤ የማስረጃው ሚዛን ሲመረመር

ስለ ኮሌስትሮልና ስለ ውፍረት የሚጻፈው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ ሄዷል። ይሁን እንጂ ነገሩ ስለ ሴቶች ሲሆን ማስረጃው ከማን ላይ እንደ ተወሰደ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ሐተታ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ነው፤ ምሳሌያችንም ጂንካና በዙሪያዋ ያለው የደቡብ ኦሞ ምድር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በቅድሚያ የነገሩን ሥር እናስታውስ። ኮሌስትሮል በራሱ መርዝ አይደለም፤ ሰውነት ለሕዋሳትና ለሆርሞኖች ሥራ ይፈልገዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ኤል ዲ ኤል የተባለው ተሸካሚው በደም ውስጥ ሲበዛና ወደ ደም ቅዳው የውስጥ ግድግዳ ሲሰርግ ነው። በዚያ ሲከማች ግድግዳው ይወፍራል፤ መተላለፊያውም ይጠባል። የሆድ ውፍረት ደግሞ የደም ግፊትን ያነሣል፤ የኢንሱሊንን ሥራ ያዳክማል፤ ጠቃሚውን ኤች ዲ ኤልንም ይቀንሳል። በሴቶች ዘንድ የወር አበባ እስኪቋረጥ ድረስ ኤስትሮጅን በመጠኑ ይከላከላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ኤል ዲ ኤል ከፍ ይላል፤ ስቡም ወደ ሆድ ያደላል። በእርግዝናዋ ጊዜ የደም ግፊት የታየባት ሴትም በኋላ ዘመኗ ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠች ናት።

እንግዲህ የሴት የደም ሥር የራሱ ታሪክ ካለው፣ መመዘኛውም ይህንን ታሪክ ሊያውቅ ይገባ ነበር። ነገር ግን እንዲህ አልሆነም። አንሴል ኪስ በ1958 የጀመሩት፣ ስብን ከልብ ሕመም ጋር ያያያዘው የሰባት አገሮች ጥናት ከ12,000 በላይ ሰዎችን ሲይዝ አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችበትም። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት የክብደትና የቁመት ሚዛንም በ1972 እኒሁ ሊቅ ስም ሲሰጡት የተፈተነው ከ7,000 በሚበልጡ ወንዶች ላይ ነበር። ወተት፣ ሥጋና ደም የሚመገቡ አርብቶ አደሮች የደም ሥራቸው ጤነኛ ነው ለማለት ዘወትር የሚጠቀሰው የ1964ቱ የማሳይ ጥናትም በ400 ወንዶች ላይ የቆመ ነው፤ ሴቶችና ሕፃናት የተነሡት በተጨማሪነት ነው። በርግጥ በ1948 የተጀመረው የፍራሚንግሃም ጥናት ሴቶችን ጨምሯል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የማሳቹሴትስ ከተማ ሴት የሐመር ወይም የአሪ ሴት አይደለችም።

ወደ ደቡብ ኦሞ ስንመጣም ያው ጉድለት ይገጥመናል። የአካባቢው ውፍረት ሲነሣ በመላው ዓለም የሚታየው ሥዕል የቦዲ ወንዶች ነው። እነዚህ ወጣቶች ለካኤል በዓል ወራት ሙሉ ወተትና የከብት ደም እየጠጡ ይወፍራሉ፤ ከበዓሉ በኋላም ይከሳሉ። ይህ ለክብር ሲባል ለጊዜው የሚመጣ ውፍረት ነው። በጂንካ ከተማ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ የምትውለው፣ በፓልም ዘይት የምታበስለው፣ ቀስ በቀስ ሆዷ የሚገፋው እናት ግን ፎቶግራፍ አንሺም ተመራማሪም አይፈልጋትም። በሌላ በኩል ረጅም እግር ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ያ ሚዛን ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ የወገብ ዙሪያ ካልተለካ የሆድ ስብ ሊሰወር ይችላል።

የ2015ቱ አገር አቀፍ ጥናት ሊመሰገን ይገባዋል፤ አነባበባችን ግን ሊታረም ይገባል። ብዙዎች የሚጠቅሱት ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከፍ ያለባቸው 5.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ነው፤ በዚህም ይጽናናሉ። በዚያው ጥናት ኤች ዲ ኤል ያነሰባቸው 68.7 በመቶ ናቸው፤ የሆድ ውፍረት፣ ግፊት፣ ስኳርና ስብ የተደራረቡበት ሕመም ደግሞ በወንዶች 1.8፣ በሴቶች 8.6 በመቶ ነው። አንዱን ቁጥር ብቻ የሚይዝ ሰው የሴቶቹን ነገር ሳያየው ያልፋል።

«ረኃብ ባለበት አገር ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። በ2016 የሕዝብና የጤና ጥናት ከሴቶቻችን 22 በመቶ ከመጠን በላይ የከሱ፣ 8 በመቶ ከመጠን በላይ የወፈሩ ነበሩ። ሁለቱም በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይገኛሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ከኛንጋቶም ጋር በቋንቋ የሚዛመዱት፣ ከድንበር ማዶ ያሉት ቱርካናዎች በ2020 በታተመ ጥናት ታይተዋል፤ በአርብቶ አደርነት የሚኖሩት ጤንነታቸው መልካም ሲሆን፣ ከተማ የገቡት ግን ተጎድተው ተገኝተዋል። ጂንካም እያደገች ያለች ከተማ ናት።

ስለዚህ በደቡብ ኦሞ ጥናት ለማድረግ የሚነሣ የትምህርት ጓደኛችን ሁሉ ከሚዛኑ ጋር የወገብ መለኪያ ይያዝ፤ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ጋር ኤች ዲ ኤልን ይመርምር፤ የእርግዝናዋን የደም ግፊትና የወር አበባዋን መቋረጥ በራሷ ቋንቋ ይጠይቅ። ይህ ሳይደረግ ስለ ሴቶች የሚጻፍ ድምዳሜ ስሙ የሴት፣ መረጃው የወንድ ይሆናል፤ ጉዳቱም የሚደርሰው በጸሐፊው ላይ ሳይሆን ሕመሟ ሳይታወቅላት በምትቀረው እናት ላይ ነው።