ልብሱን ገልብጣችሁ ጠርዙን እዩት

በየባዛሩ «በእጅ የተሸመነ፣ ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ካርድ ያንጠለጠለ ቀሚስ ሁሉ ሲሞገስ መስማት ያናድዳል። ካርድ ማንም ያሳትማል። ቀለሙ እንዳይለቅ፣ ስፌቱ እንዳይተረተር፣ ጥጡ ከሌላ ክር ጋር እንዳልተደባለቀ ማየት የማንኛውም ገዢ ተራ ጥንቃቄ ስለሆነ አልዘረዝረውም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መለኪያ አንድ ነው፤ ልብሱን ገልብጦ ጠርዙን ማየት። ሸማኔው መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ ማጉ ከዳር ዞሮ ስለሚመለስ፣ የሸማ ዳር ራሱን በራሱ ይይዛል፤ አይተረተርም፣ መቀምቀምም አይፈልግም። ይህ ዳር ተቆርጦ በምትኩ ኦቨርሎክ ከተመታበት፣ ዲዛይነሯ ሸማውን እንደ ፋብሪካ ጣቃ ቆጥራዋለች ማለት ነው። ጥለቱ የቱንም ያህል ቢያምር ጥሩ ሥራ አይባልም።

ምክንያቱ ከሸማኔው መቀመጫ ይጀምራል። በሽመና ጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ የሚሠራ ሰው የሚያወጣው ሸማ ስፋቱ በክንዱ ልክ ነው፤ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ልኮ በሌላው መቀበል እስከቻለበት ድረስ። የቀደሙት ባለሙያዎች ይህን ልክ እንደ ችግር አላዩትም። ጋቢ አራት ድርብ የሚሆነው ሸማው ስፋቱ ሳይነካ ተደርቦ ነው። ለሀገር ልብስ ቀሚስም ልኬቱ አስቀድሞ ለሸማኔው ይደርሰው ነበርና፣ ጥለቱን የሚጥለው ከቀሚሱ ግርጌ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነበር። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ ወጥተው ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት ሸማኔዎች እጅ ውስጥ ያለው ዕውቀት ይህ ነው፤ ልብሱ ከመቀሱ በፊት ሸማው ላይ ያልቃል። ጃፓኖችም ኪሞኖን የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ስፋቱ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ አንድ ረጅም ጥቅል ጨርቅ ላይ አካሉም እጅጌውም በቀጥታ መስመር ይቆረጣል፤ የሚጣል ቁራጭ የለም ማለት ይቻላል። ሁለት የተራራቁ አገሮች ሳይመካከሩ እዚሁ የደረሱት፣ ጨርቁ የሰው ጉልበት መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

ዛሬ አነስተኛ የፋሽን ድርጅት የሚከፍቱ ወጣቶችን የሚያግዙ አማካሪዎች በዝተዋል፤ ይህ መልካም ነው። ብዙዎቹ ግን የሚጀምሩት ከዓርማ፣ ከፎቶና ከማኅበራዊ ሚዲያ ነው። የቆረጣ ጠረጴዛውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እንበልና ሸማው 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ፓተርኑ የሚፈልገው ግን 70 ነው። ከእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ወደቀ፤ ከ22 በመቶ በላይ መሆኑ ነው። የሸማኔው ቀን፣ የፈታይዋም እንዝርት በዚያው መጠን ወለል ላይ ቀረ። አሥር ቀሚስ ሲሸጥ ጉዳቱ አይታወቅም፤ ሁለት መቶ ሲታዘዝ ግን ትርፉን ይበላዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ከመላክ ዕድል፣ ተጠቃሚነት ከወጣች ወዲህ ደግሞ፣ ወደ አሜሪካ ለሚልክ ሰው የቀረጡ ወጪ ሲጨመር ለብክነት የሚተርፍ ህዳግ የለም። እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተውን የሽመና ድርጅት ሳባሃርን ተመልከቱ፤ የሚታወቀው በሻርፕ፣ በብርድ ልብስና በፎጣ ነው። እነዚህ ከሸማኔው እጅ ሙሉ ሆነው የሚወርዱ ዕቃዎች ናቸው። ለጀማሪ ድርጅት ከዚህ የተሻለ የዕድገት በር አይታየኝም፤ መጀመሪያ ያልተቆረጠ ነገር መሸጥ፣ ከዚያ በኋላ በጥቂቱ መቁረጥ።

የሰው ገላ አራት ማዕዘን አይደለም፣ ወጣቷ ገዢ ደግሞ ወገቧን የሚይዝ ልብስ ትፈልጋለች የሚል ተቃውሞ አለ። እውነት ነው፤ ግን ወገብ በሽንሽን ይያዛል፣ ብብት ስር ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ይገባል፣ አንድ ሸማ በሰያፍ ለሁለት ተቆርጦ ሁለት የጎን ማስፊያ ይወጣዋል። የሚጠይቀው ማሰብ ነው። ቁራጩ ቦርሳና የፀጉር ማሰሪያ ይሆናል የሚሉም አሉ። ከመጣሉ ይሻላል፤ ሆኖም በቀሚስ ዋጋ የተገዛን ሸማ በፀጉር ማሰሪያ ዋጋ መሸጥ ኪሳራን ማሳነስ እንጂ ዘላቂነት አይደለም። ክብደት ያለው ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፤ የሸማው ዳር ስለሚንጋደድ መቁረጥ ግድ ነው የሚለው። ዳሩ የሚንጋደደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሸማኔው በሜትር እየተከፈለው ስለሚቸኩል ነው። ቀጥ ላለ ዳር ጭማሪ ይከፈለው፤ ጭማሪው ከሚጣለው 20 ሴንቲ ሜትር ዋጋ ጋር ይነጻጸርና ይታይ።

ስለዚህ አማካሪ ስትመርጡ ወደ ሸማኔው ይዟችሁ የሚሄደውን ምረጡ፤ ሸማኔውንም እንደ አቅራቢ ሳይሆን እንደ መጀመሪያው አማካሪያችሁ ቁጠሩት። አዲስ ፓተርን ከመሣላችሁ በፊት የሸማውን ስፋት ለኩ። ገዢዎችም ቀሚሱን ስታነሡ ካርዱን ተዉትና ወደ ውስጥ ገልብጡት፤ ዳሩ ከተቆረጠ ለምን እንደተቆረጠ ባለቤቷን ጠይቋት።