«ተንሳፈፈ» የሚለው ግሥ ፍቺና «ብርን ማንሳፈፍ» የተባለው ስያሜ

በዕለት ንግግር ፍቺው የጸና ግሥ ለሙያ ስያሜ ሲዋስ፣ የቀድሞው ፍቺው አብሮት መምጣቱ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ተንሳፈፈ» የሚነገርባቸውን አግባቦች ከደሴና ከኮምቦልቻ አካባቢ በተወሰዱ ምሳሌዎች ለይቶ፣ «ብርን ማንሳፈፍ» የተባለውን ስያሜ በእነርሱ መመዘን ነው።

ግሡ እንደ «ተንከባለለ» እና «ተንጠለጠለ» ከ«ተን» እና ከ«አን» ውጭ ብቻውን የማይቆም ነው። «ተንሳፈፈ» ኢተሻጋሪ፣ «አንሳፈፈ» ተሻጋሪ ነው፤ የመጀመሪያው ነገሩ በራሱ መሆኑን፣ ሁለተኛው ሌላ አድራጊ መኖሩን ያመለክታል።

እማሬያዊ ፍቺው ሁለት ነው። አንደኛው ሳይሰጥሙ በውሃ ላይ መቆየት ነው፤ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ ታንኳ ይንሳፈፋል፣ ክረምት በቦርከና ጎርፍ ላይ ግንድ ይንሳፈፋል። ሁለተኛው ያለ ድጋፍ በአየር ላይ መቆየት ነው፤ በጦሳ ተራራ አናት ላይ አሞራ ክንፉን ሳያራግብ ይንሳፈፋል። ያው አሞራ ከታች ያለ ነገር ፈልጎ ሲዞር ግን «አንዣበበ» ይባላል፤ «ተንሳፈፈ» ዓላማን አያመለክትምና። በውሃ ውስጥ በራሱ ጉልበት የሚሄደው «ዋኘ» ይባላል። «ሰፈፈ» ደግሞ ከሥር ወደ ላይ ወጥቶ ፈሳሹን ለሸፈነ ነገር ይነገራል፤ በጠጅ ጋን ላይ የሚወጣው ሰምና እድፍ «ሰፈፍ» መባሉ ከዚሁ ነው። እንግዲህ የ«ተንሳፈፈ» መለያ ባሕርያት ከላይ መሆን፣ አለመስጠምና ያለ ዓላማ መቆየት ናቸው። ተቃራኒውም «ሰጠመ» ነው።

ብር ለረጅም ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.07 ብር ሲመነዘር ቆይቶ በ1985 ዓ.ም. ተመኑ 5 ብር ሆነ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዚያው ዕለት ከ57 ብር ጥቂት ያልፍ የነበረው የዶላር ዋጋ ከ74 ብር በላይ ወጣ። ይህን አሠራር «ብርን ማንሳፈፍ» ብሎ መተርጐም ሁለት ጕድለት አለበት።

የመጀመሪያው የባለቤት ስሕተት ነው። «ብር ተንሳፈፈ» ሲባል አድማጭ ብር ከላይ መቆየቱን፣ አለመስጠሙን ይረዳል፤ በእውነቱ ግን የብር ዋጋ ወርዷል። ከፍ ያለው በብር የሚነገረው የዶላር ዋጋ ነው። ከፍና ዝቅ የሚለው ተመኑ ስለ ሆነ፣ የግሡ ባለቤት መሆን የሚገባውም ተመኑ ነው።

ሁለተኛው የ«አን» ጕዳይ ነው። «አንሳፈፈ» ከላይ የሚያቆይ እጅ መኖሩን ያሰማል፤ የአሠራሩ ፍሬ ነገር ግን ተመኑን የያዘው እጅ መልቀቁ ነው። ስያሜው ከሚሰየመው ነገር ጋር ይጣላል ማለት ነው።

ከውሃ የመጣ ቃል ለሌላ ሙያ አይሆንም ማለት ግን አይደለም። ኮምቦልቻ ባሕር ሳይኖራት «ደረቅ ወደብ» አላት፤ ይህም ስያሜ ማንንም አያሳስትም። «ደረቅ» የሚለው ቅጽል ወደቡ ከውሃ መለየቱን አስቀድሞ ይናገራልና። «ማንሳፈፍ» ብቻውን ሲነገር እንዲህ ያለ ገላጭ የለውም።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ተንሳፋፊ የምንዛሪ ተመን» የሚለውን ሐረግ ከእማሬያዊው ፍቺ ለይተው፣ «ዋጋው በገበያ ፍላጎትና አቅርቦት የሚወሰን» ከሚል መግለጫ ጋር ቢያሰፍሩት መልካም ነው። ለሰፊው ሕዝብ የሚጽፍ ተርጓሚ ደግሞ «ተመኑን ለገበያ መልቀቅ» ቢል ይበጃል። ዕቃውን ከደረቅ ወደብ የሚያወጣው ነጋዴም ሆነ በጡረታ አበል የሚኖረው ሰው ዜናውን ሰምቶ ኑሮውን የሚያሰላው በቃሉ ነው፤ ብሩ የወረደበትን ሰው «ተንሳፈፈ» በሚል ቃል ማስረዳት አይቻልም።